ከፕሮስቴት ቀዶ ሕክምና በኋላ ሽንት ማምለጡ አልቆም ሲል፦ በቤትና በመንገድ ምን ይደረግ?

ካቴተሩ (ሽንት የሚያወጣው ቱቦ) የወጣ ዕለት ብዙ ሰው ነገሩ ያለቀ ይመስለዋል። ከዚያ ከአልጋ ሲነሣ ይፈስሰዋል፣ ሲያስል ያመልጠዋል፣ ማታ ሱሪው ረጥቦ ቤቱ ይገባል። «ሳምንት ታገሥ» ይባላል፤ ሳምንቱ ወር፣ ወሩ ሦስት ወር ይሆናል። ይህ መመሪያ የተጻፈው እንዲህ ለዘገየባቸው ሰዎች ነው፤ ለባለቤቶቻቸውና ለልጆቻቸውም ጭምር። መዘግየቱ ብቻውን ቀዶ ሕክምናው ተበላሽቷል ማለት አይደለም። ሆኖም ውሃ ባለመጠጣትና ቤት በመዋል አይፈጥንም። መቼ፣ ምን ያህል፣ ምን ሲያደርጉ እንደሚያመልጥዎ አውቀው በዚያው ልክ ሲሠሩበት ነው ለውጥ የሚታየው።

የተደረገልዎ ቀዶ ሕክምና የትኛው ነው?

«ፕሮስቴት ተሠራሁ» የሚሉ ሁለት ሰዎች የተለያየ ሕክምና ተደርጎላቸው ሊሆን ይችላል። ለጎረቤትዎ የሠራው ምክር ለእርስዎ የማይሠራበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

የፕሮስቴት ዕጢው ካንሰር ሳይኖረው በዕድሜ ያበጠ ከሆነ የሚወጣው የውስጡ ክፍል ብቻ ነው፤ ወይ በሽንት ቧንቧ በኩል በመሣሪያ ተፍቆ፣ ወይ ከእምብርት በታች ሆድ ተከፍቶ። ከዚህ በኋላ ሽንት የሚያመልጠው በአብዛኛው ፊኛው በድንገት ስለሚኮማተር ነው። ለዓመታት የጠበበ መውጫ ሲገፋ የኖረ ፊኛ መንገዱ ቢከፈትለትም ቶሎ አይረጋጋም። ብዙውን ጊዜ በሳምንታት፣ ቢዘገይ በሦስት ወር ገደማ ይሻላል።

ለካንሰር ሲሆን ግን ዕጢው ከነሽፋኑ ይወጣና የፊኛው አንገት ከሽንት ቧንቧው ጋር ይሰፋል። ወንድ ልጅ ሽንቱን የሚይዝባቸው ሁለት መዝጊያዎች አሉት፤ አንዱ በፊኛው አንገት ላይ ሳያስበው የሚሠራ፣ ሌላው ከፕሮስቴቱ ሥር በፈቃዱ የሚያጠብቀው። የላይኛው በቀዶ ሕክምናው ይሄዳል ወይም ይዳከማል፣ ሥራው ሁሉ በታችኛው ላይ ይወድቃል። ሲነሡ፣ ሲያስሉ፣ ዕቃ ሲያነሡ የሚያመልጠው ለዚህ ነው። የታችኛው ጡንቻ ጉልበት እስኪያገኝ ወራት ይፈልጋል፤ ብዙዎች በሦስተኛው ወር ግልጽ ለውጥ ያያሉ፣ እስከ 12ኛው ወርም መሻሻሉ ይቀጥላል፣ ትንሽ በትንሽ እስከ 2 ዓመት የሚሻላቸውም አሉ። ዕድሜ ሲገፋ፣ ክብደት ሲበዛ ወይም የጨረር ሕክምና ሲታከልበት ይዘገያል።

የትኛው እንደተደረገልዎ ካላወቁ ከሆስፒታል ሲወጡ የተሰጥዎትን ወረቀት ይመልከቱ፤ ከሌለ በቀጠሮ ቀን ይጠይቁና ያስጽፉ።

መሻሻሉ የሚመጣበት ቅደም ተከተል አለው። መጀመሪያ የሚደርቀው ሌሊት ተኝተው ነው። ቀጥሎ ቁጭ ብለው፣ ከዚያ በጠዋት ሲራመዱ፣ ከዚያ ከሰዓት በኋላ ጡንቻው ሲደክም። ሳል፣ ማስነጠስና ሸክም መጨረሻ ላይ ይመጣሉ። ስለዚህ ሌሊቱን ደርቀው አድረው ማታ ማታ የሚረጥቡ ሰው መንገድ ላይ ነዎት እንጂ ወደ ኋላ አልተመለሱም።

ሦስት ቀን መመዝገብ፣ አንድ ቀን መመዘን

ደብተርና የሚለካ ዕቃ ያዘጋጁ። የመለኪያ ኩባያ ከሌለ ግማሽ ሊትር የሚይዝ ባዶ ሃይላንድ አፉን ሰፋ አድርገው ይቁረጡና በየ100 ሚሊ ሊትሩ በማርከር ያስምሩበት። ለሦስት ቀን እነዚህን ይጻፉ፦ የጠጡት ምንና ምን ያህል እንደሆነ፣ በስንት ሰዓት እንደሸኑና ስንት ሚሊ ሊትር እንደወጣ፣ በስንት ሰዓት እንዳመለጠዎና በዚያች ቅጽበት ምን ያደርጉ እንደነበር። የመጨረሻዋ ነገር ትልቁን መልስ ትሰጣለች። ሲነሡና ሲያስሉ ከሆነ መዝጊያው ደክሟል። ቁልፍ በር ላይ ሲያስገቡ ወይም የቧንቧ ድምፅ ሲሰሙ በጥድፊያ ከሆነ ፊኛው ነው። ሸንተው ሱሪዎን ከቆለፉ በኋላ ጥቂት ጠብታ ከሆነ ቧንቧው ውስጥ የቀረ ሽንት ነው፤ ይህ ከሁሉ ይቀላል፣ መላውም ከታች አለ። ሁለቱ ወይም ሦስቱ አንድ ላይ የሚሆኑበት ሰውም ብዙ ነው።

ከዚያ አንድ ሙሉ ቀን ይመዝኑ። ዲጂታል የወጥ ቤት ሚዛን ይበቃል። ደረቁን ፓድ አስቀድመው ይመዝኑ። ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ ማግስቱ ጠዋት 1 ሰዓት ያወለቁትን ሁሉ አፉ በሚታሰር ላስቲክ ያጠራቅሙና በአንድ ላይ ይመዝኑት። ከዚያ የደረቁን ክብደት በፓዱ ቁጥር አባዝተው ይቀንሱ። አንድ ግራም አንድ ሚሊ ሊትር ሽንት ማለት ነው። ለምሳሌ ደረቁ 40 ግራም ቢሆን፣ 5 ፓድ ቢጠቀሙና ሁሉም በአንድነት 520 ግራም ቢመዝኑ፣ 200 ሲቀነስ ያመለጠው 320 ሚሊ ሊትር ነው። ይህን በየሁለት ሳምንቱ፣ ተመሳሳይ ሥራ በሚሠሩበት ቀን ይድገሙት። ፓድ መቁጠር ብቻውን ያሳስታል፤ ንጹሕ መሆን የሚወድ ሰው ጠብታ ባየ ቁጥር ስለሚቀይር ቁጥሩ አይወርድም፣ ግራሙ ግን እየቀነሰ ሊሆን ይችላል። ቀን በቀን ራሱን የሚመዝንም ተስፋ ይቆርጣል፤ ለውጡ በሳምንታት እንጂ በቀናት አይታይም።

ትክክለኛውን ጡንቻ ማግኘት

ሽንት የሚይዘውን የታችኛውን ጡንቻ በልምምድ ማጠንከር ይቻላል። ብዙ ሰው «ስፖርቱን ሠርቼ አልጠቀመኝም» የሚለው የሠራው ሌላ ጡንቻ ስለሆነ ነው። መቀመጫውን ይጨምቃል፣ ሆዱን ያስገባል፣ ትንፋሹን ይይዛል፤ ይባስ ብሎ እንደ ማማጥ ወደ ታች ይገፋል። ወደ ታች መግፋት ሽንትን ያስወጣል እንጂ አይዘጋም። ካቴተሩ ገና ካልወጣ ደግሞ አይጀምሩ፤ ሐኪምዎ ከወጣ በኋላ ሲፈቅድ ነው የሚጀመረው።

በጀርባዎ ይተኙ፣ ጉልበትዎን አጥፈው እግርዎን ያሳርፉ። አንድ እጅ ሆድዎ ላይ ያድርጉ። አሁን ብልትዎን ወደ ውስጥ የሚያሳጥሩ፣ ቆለጥዎን ወደ ላይ የሚያነሡ ይመስል በቀስታ ያጥብቁ። ለወንድ ከፊንጢጣ ይልቅ ከፊት መጀመር ይበልጥ ይጠቅማል፣ ሽንቱን የሚይዘው የፊተኛው ክፍል ነውና። በመስታወት ፊት ቆመው ሲያዩት ብልትዎ ትንሽ ወደ ውስጥ ሲሳብ፣ ቆለጡም ከፍ ሲል ከታየ አግኝተውታል። ሆድዎ ላይ ያለው እጅ መንቀጥቀጥም መግፋትም የለበትም፣ መቀመጫዎ ልስልስ እንዳለ ይቆይ፣ ጮክ ብለው መቁጠር ከቻሉ ትንፋሽ አልያዙም።

ሽንትን መሃል ላይ ማቋረጥ ጡንቻውን ለማግኘት አንድ ጊዜ ቢሞከር ምንም አይደለም። እንደ ልምምድ በየቀኑ ማድረግ ግን ፊኛውን በሙሉ ባዶ እንዳይሆን ስለሚያስለምደው ይተውት።

ጡንቻው ከተገኘ በኋላ አሠራሩ ይህ ነው፦

1. ምን ያህል ሰከንድ አጥብቀው መያዝ እንደሚችሉ ይለኩ። አራት ሰከንድ ላይ ከላላ መነሻዎ አራት ነው፤ የመጽሐፍ አሥር አይደለም።
2. ያንን ያህል ያጥብቁ፣ ከዚያ ቢያንስ ያንኑ ያህል ሙሉ በሙሉ ያላሉ። ማላላቱ የሥራው ግማሽ ነው፤ ያልላላ ጡንቻ ይደክምና በሚፈለግበት ሰዓት አይዘጋም። 10 ጊዜ ይድገሙት።
3. ቀጥለው 10 ፈጣን ይሥሩ፦ አንድ ሰከንድ ማጥበቅ፣ ወዲያው መልቀቅ። ሳልና ማስነጠስን የሚቋቋመው ይህ ነው።
4. በቀን 3 ጊዜ። ጠዋት፣ ቀትርና ሲተኙ። የማታውን ተኝተው ይሥሩት።
5. በየሳምንቱ አንድ ሰከንድ ይጨምሩ፣ እስከ 10 ሰከንድ። ተኝተው ሲቀልዎ ቁጭ ብለው፣ ከዚያ ቆመው፣ ከዚያ እየተራመዱ ያድርጉት።

ቶሎ ለመዳን በቀን ሁለት መቶ ሦስት መቶ ጊዜ የሚጨምቅ አለ። ውጤቱ ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ የባሰ መፍሰስ ነው። እንዲህ ከሆነብዎ ለሦስት ቀን በግማሽ ይቀንሱትና ያስተያዩ። ልምምዱ ፍሬውን የሚያሳየው ከ6 እስከ 12 ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። ከዚያ በፊት መተው ያሳዝናል፤ ብዙዎች የሚተዉት ልክ ሊሻላቸው ሲል ነው። በስድስት ሳምንት ግራሙ ምንም ካልቀነሰ ግን በጭፍን አይቀጥሉ። ፊዚዮቴራፒስት አይቶ ትክክለኛውን ጡንቻ እየሠሩ እንደሆነ ሊነግርዎ ይችላል። ሐኪምዎ እንዲልክዎ ይጠይቁ፤ ማፈር አያስፈልግም፣ ሥራቸው ነው።

ከመነሣት በፊት ማጥበቅ

ጡንቻው ቢጠነክርም በሰዓቱ ካልተጠራ አይረዳም። ስለዚህ ከማንኛውም ግፊት አንድ ሰከንድ በፊት ያጥብቁ፣ እንቅስቃሴው እስኪያልቅ ይያዙ፣ ከዚያ ይልቀቁ። ከበርጩማ መነሣት በቤታችን ውስጥ ካሉት ሁሉ ከባዱ ፈተና ነው፤ ጉልበት ከዳሌ በላይ ስለሚሆን ሆድ ፊኛውን ይጫነዋል። ለጊዜው ከፍ ያለ ወንበር ይጠቀሙ። ሲነሡ ወደ ጫፉ ይጠጉ፣ እግርዎን ወደ ኋላ ይሳቡ፣ ያጥብቁ፣ ትንፋሽዎን እያስወጡ ይነሡ። ከአልጋ ሲነሡ ቀጥ ብለው ወደ ላይ አይነሡ፤ በጎን ተገልብጠው እግርዎን አውርደው በክንድዎ ይገፉ።

ሃያ ሊትር ጀሪካን ሲሞላ 20 ኪሎ ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር «እኔ ልሙላው» የሚል የቤት አባት ጥቂት አይደለም። ከሆድ ቀዶ ሕክምና በኋላ ለመጀመሪያዎቹ 6 ሳምንታት ከ4–5 ኪሎ በላይ እንዳይነሣ ነው የሚመከረው። ከዚያም በኋላ በሁለት እጅ በአምስት አምስት ሊትር መከፋፈል ይሻላል፤ ቤተሰብም ይህን ይወቅ።

የሆድ ድርቀትም እንዲሁ ይገፋል። ሲያምጡ ሽንቱን የሚይዘው የዳሌው ወለል ጡንቻ ይወጠርና ይዳከማል፣ የሞላ አንጀትም ፊኛውን ይጫናል። ተልባ፣ ጎመን፣ ምስር፣ ፓፓያ ይጠቅማሉ። ሲቀመጡ እግርዎን ከፍ ባለ ነገር ላይ ማሳረፍ ማማጡን ያቀለዋል። ደረቅ ሳል ካለ ደግሞ መድኃኒትዎን ይመልከቱ፤ ለደም ግፊት የሚሰጠው ኤናላፕሪል በአንዳንድ ሰው ላይ ደረቅ ሳል ያመጣል። ቀዶ ሕክምናው ከተደረገ በኋላ ታምሱሎሲንን ወይም ዶክሳዞሲንን ሳያስተውሉ የቀጠሉም አሉ፤ እነዚህ የፊኛውን አንገት ያላላሉ። ፉሮሴማይድና የመሳሰሉት ሽንት የሚያበዙ ክኒኖች የሚወሰዱበት ሰዓትም ለውጥ ያመጣል። ማንኛቸውንም በራስዎ አያቁሙ፤ ሁሉንም ክኒኖች በላስቲክ ይዘው ሄደው ሐኪሙን ይጠይቁ።

ከሸኑ በኋላ ለሚንጠባጠበው፦ ጨርሰው ጥቂት ይጠብቁ፣ ሁለት ጣት ከቆለጥዎ ኋላ፣ ከፊንጢጣው ፊት ባለው ቦታ ላይ አሳርፈው ወደ ላይና ወደ ፊት እስከ ብልቱ ሥር ቀስ አድርገው ያሹ። ሁለት ሦስት ጊዜ ሲደግሙት ቧንቧው ውስጥ የቀረው ይወጣል። ብልቱን ማርገፍ ይህን አያወጣውም።

ውሃ፣ ቡና፣ ጾም

ከሁሉ የሚበዛው ስሕተት ውሃ መተው ነው። የጠቆረ ሽንት ፊኛውን ያስቆጣል፣ ሽታው ይበረታል፣ ለኢንፌክሽንና ለድርቀት ያጋልጣል። በቀን ከ1.5 እስከ 2 ሊትር፣ ማለትም ከ6 እስከ 8 ብርጭቆ፣ በቀኑ ውስጥ ተከፋፍሎ ይጠጣ፤ የልብ ወይም የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው መጠኑን ከሐኪሙ ይውሰድ። በ4 ሰዓት የሚተኛ ሰው ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል በኋላ ይቀንስ። ሽንትዎ ቀለል ያለ ቢጫ ከሆነ በቂ ጠጥተዋል።

ቡናን «ተው» ማለት ለአገራችን ሰው ቀላል አይደለም፣ ሁልጊዜም አያስፈልግም። አቦሉ ከሁሉ የጠነከረ ነው፤ አቦሉን ለሌላ ትተው ቶናውን ወይም በረካውን አንድ ሲኒ ይጠጡ። በቀን አራት አምስት ሲኒ ይጠጡ ከነበረ በአንድ ጊዜ ቢያቆሙ ራስ ምታት ይይዝዎታል፤ በየሦስት ቀኑ አንድ ሲኒ ይቀንሱ። ሻይና ማኪያቶም ያው ናቸው። አምቦ ውሃ፣ ለስላሳ፣ ሚጥሚጣ አንዳንዱን ሰው ያስቆጣሉ፣ ሌላውን ምንም አያደርጉም፤ አንዱን ለሳምንት ትተው ደብተርዎን ያስተያዩ። ሁሉንም በአንድ ጊዜ ከተዉ የትኛው እንደጠቀመዎ አያውቁም። ጠላ፣ ጠጅና አረቄ ሽንቱን ያበዛሉ፣ እንቅልፉንም ያከብዱታል፣ ስለዚህ ሌሊት ያመልጣል።

በጾም ቀን እስከ 9 ሰዓት ሳይጠጡ ቆይተው ከዚያ አንድ ሊትር በአንድ ጊዜ የሚጠጡ ሰዎች ሌሊቱን ሲነሡ ያድራሉ። ከፈቱ በኋላ በየሰዓቱ አንድ ብርጭቆ ማድረግ ይሻላል። በረመዳንም ከኢፍጣር እስከ ስሑር እንዲሁ ይከፋፈላል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ስለ ጾሙ የንስሐ አባትዎን ወይም ኢማምዎን ያማክሩ፤ ለታመመ ሰው መንገድ አለው።

ጥድፊያ ላለበት ሰው ፊኛውን ማስለመድ ያስፈልጋል። ደብተሩ ላይ በስንት ሰዓት ልዩነት እንደሚሸኑ ያያሉ። በየ1 ሰዓቱ ከሆነ ለአንድ ሳምንት በየ1 ሰዓት ከ15 ደቂቃው ይሂዱ፤ ከዚያ 15 ደቂቃ ይጨምሩ፣ እስከ 3 ሰዓት ድረስ። ጥድፊያው ሲመጣ ወደ ሽንት ቤት አይሩጡ። ባሉበት ይቁሙ ወይም ይቀመጡ፣ አምስት ስድስት ፈጣን ማጥበቅ ያድርጉ፣ ጥድፊያው ሲያልፍ ቀስ ብለው ይሂዱ። «ለማንኛውም» ብሎ በየግማሽ ሰዓቱ መሽናት ፊኛውን ያሳንሰዋል። ዳይፐር አድርጎ ሁሉን ወደዚያ መልቀቅም እንዲሁ፤ ያልሞላ ፊኛ መያዝን ይረሳል።

ዳይፐር፣ ሞዴስና ጨርቅ

መጠኑን በግራሙ ይምረጡ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የአዋቂ ዳይፐር የግድ ሊሆን ይችላል። ግራሙ ሲቀንስ ወደ ውስጥ የሚገባ ፓድ ይውረዱ፤ ትልቅ ዳይፐር ሙቀት ይይዛል፣ መረጠብዎንም አያሰማም። የሴቶች ሞዴስ በቀላሉ ስለሚገኝ ብዙ ወንዶች ይጠቀሙበታል። ለጥቂት ጠብታ ይሆናል። ድንገት የሚፈስ ሽንትን ግን ቶሎ ስለማይመጥ ከጎኑ ይወጣል። ማንኛውንም ፓድ ሲያደርጉ ወፍራሙን ክፍል ወደ ፊት ያድርጉ፣ ብልትዎን ወደ ታች ያሳርፉ፣ ሰፊ ቁምጣ ሳይሆን አጥብቆ የሚይዝ ሙታንታ ይልበሱ። ፓዱ ከሰውነት ከራቀ የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን ያፈሳል።

ዋጋው ለብዙ ቤተሰብ ከባድ ነው። በከነማና በሌሎች መድኃኒት ቤቶች ያለውን ከመርካቶ ዋጋ ጋር ያስተያዩ፤ መጠኑ እስኪታወቅ ድረስ ግን ትልቅ ጥቅል አይግዙ። በቤት ለሚውሉበት ሰዓት የጨርቅ ፓድ ማሰፋት ይቻላል፦ ከላይ ስስ ጥጥ፣ መሃል ሦስት አራት እጥፍ የድሮ ፎጣ፣ ከሥር አንድ እጥፍ ውሃ የማያሳልፍ ጨርቅ። በበጋ ስምንት ይበቃሉ። በክረምት አዲስ አበባ ላይ ወፍራም ጨርቅ ለመድረቅ ሁለት ሦስት ቀን ስለሚፈጅ ዐሥራ አምስት ያህል ያዘጋጁ። ለፍራሹ ላስቲክ ያንጥፉ፣ በላዩ የታጠፈ አሮጌ አንሶላ ያድርጉ፤ ሌሊት ሲረጥብ እሱን ብቻ መሳብ ነው።

ሲያጥቡ መጀመሪያ በቀዝቃዛ ውሃ ያለቅልቁ። ሽታው ካልለቀቀ በአንድ ባልዲ ውሃ ውስጥ አንድ ብርጭቆ አቼቶ ጨምረው ግማሽ ሰዓት ይዘፍዝፉ፣ ከዚያ በሳሙና ያጥቡ። አቼቶን ከበረኪና ጋር ፈጽሞ አያቀላቅሉ፤ ሳንባ የሚጎዳ ጋዝ ይወጣል። ሽንት የበዛበትን ጨርቅም ሳያለቀልቁ በረኪና ውስጥ አይክተቱ። ያገለገለ ዳይፐር በጋዜጣ ተጠቅልሎ ወደ ቆሻሻ ይሂድ እንጂ ሽንት ቤት አይጣል፤ ቧንቧ ይዘጋል።

ቆዳውን በለብ ያለ ውሃ ያጥቡ፣ ሳይፈትጉ ጫን ጫን አድርገው ያድርቁ። ቫዝሊን ስስ አድርገው ብቻ ይቀቡ፤ ሲበዛ ፓዱ ላይ ይለጠፍና መምጠጡን ያቆመዋል። ብሽሽት ላይ ጠርዙ የቀላ፣ የሚያሳክክ ሽፍታ ከወጣ ፈንገስ ሊሆን ስለሚችል የሐኪም ቅባት ይፈልጋል።

ረጅም ጉዞ ላለበት ቀን ኮንዶም ካቴተር ይረዳል፦ እንደ ኮንዶም ይለበሳል፣ ጫፉ እግር ላይ ከሚታሰር የሽንት ከረጢት ጋር ይገናኛል። ቆዳው ደረቅ ይሁን፣ ጸጉሩ ይቆረጥ፣ ጫፉ ላይ ሁለት ሴንቲ ሜትር ክፍተት ይተው፣ ዙሪያውን በፕላስተር ፈጽሞ አይታሰር፤ ደም ያግዳል። በ24 ሰዓት ይቀየራል፣ ከረጢቱ ግማሽ ሲሞላ ይደፋል። ብልትን ከውጭ የሚቆነጥጥ መቆንጠጫ ደግሞ ሐኪም አሳይቶ ካልሰጠ አይጠቀሙ። ቢሰጥም ከሁለት ሰዓት አይለፍ፣ ሌሊት አይደረግ፣ ስሜት የቀነሰበት ሰው ጭራሽ አይነካው።

ከቤት ሲወጡ

ትንሽ ቦርሳ ይያዙ፦ ሁለት ፓድ፣ አንድ ሙታንታ፣ እርጥብ ሶፍት፣ አፉ የሚታሰር ላስቲክ። ጠቆር ያለ ሱሪ ይልበሱ። መንገዱን በሽንት ቤት ይቁጠሩት። በፒያሳ፣ በአራት ኪሎና በካዛንቺስ በኮሪደር ልማቱ የተሠሩትን የሕዝብ መጸዳጃዎች አስቀድመው ይወቁ። ካፌ ገብተው ለመጠቀም ማኪያቶ ማዘዝ ችግሩን መጨመር ነው፤ ውሃ ይዘዙ።

ከፒያሳ ወደ ጥቁር አንበሳ በቸርችል ጎዳና ቁልቁል መሄድ በደህና ጊዜ ደስ ይላል። ቁልቁለት ላይ ግን እያንዳንዱ እርምጃ ወደ ታች ይመታል፤ በመጀመሪያዎቹ ወራት አጭር አጭር ይራመዱ ወይም ታክሲ ይያዙ። ሚኒባስ ውስጥ በር አጠገብ ይቀመጡ። «ወራጅ አለ» ከማለትዎ በፊት ያጥብቁ፣ ከዚያ ይነሡ። የታክሲ ሰልፍ ረጅም በሚሆንበት ከ11 ሰዓት በኋላ ጡንቻዎም ስለሚደክም ቀጠሮዎን ወደ ጠዋት ያዙሩ።

በቅዳሴ ረጅም ሰዓት መቆም ያደክማል፤ በየመሃሉ ይቀመጡ፣ መቋሚያ ይያዙ፣ ከስግደት ሲነሡ ያጥብቁ። ወደ ቤተ መቅደስ ስለ መግባት ከንስሐ አባትዎ ጋር በግልጽ ይነጋገሩ፤ በመሸማቀቅ ለወራት የቀሩ አባቶች አሉ። ሽንቱ ለማያቋርጥ ሙስሊምም ሃይማኖቱ አማራጭ ሰጥቶታል፦ የሶላቱ ወቅት ሲገባ ታጥቦ፣ ፓዱን ቀይሮ፣ ዉዱእ አድርጎ ይሰግዳል። ለቅሶ ቤትና የእድር ድንኳን ውስጥ ዳር ይቀመጡ። ቤት ውስጥ ደግሞ ቢያንስ አንድ ሰው ይወቅልዎ። ፓድ በድብቅ የሚያጥብ፣ ከእንግዳ የሚሸሽ ሰው ቶሎ በሐዘን ይዋጣል፤ ባለቤቱም የራቃት ይመስላታል። ግንኙነት ላይ ጥቂት ሽንት ማምለጥም ይኖራል፤ አስቀድሞ መሽናትና ፎጣ ማንጠፍ ይበቃል።

መጠበቅ የሌለበት ጊዜ

ሽንት ጭራሽ እምቢ ካለና ሆድዎ ከእምብርት በታች ከተወጠረ፣ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ካለ፣ የረጋ ደም ከወጣ፣ አንድ እግር ካበጠና ካመመ ወይም ትንፋሽ ካጠረ ያንኑ ዕለት ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። ሲሸኑ የሚያቃጥል ከሆነ፣ ሲሻልዎ ቆይቶ ድንገት ከባሰ፣ የሽንት ምርመራ ያድርጉ። አንዱ ምልክት ብዙ ጊዜ ይታለፋል፦ ሽንቱ ከሳምንት ሳምንት እየቀጠነ፣ እየተገፋ፣ በዚያው ላይ የሚንጠባጠብ ከሆነ የተሰፋው ቦታ በጠባሳ ጠቦ ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ ፊኛው ሞልቶ ነው የሚፈስሰው፤ የጡንቻ ልምምድ አይፈታውም፣ ዩሮሎጂስት (የሽንት ቧንቧ ሐኪም) አይቶ የጠበበውን ይከፍተዋል።

ለጥድፊያው ክኒን አለ፤ አፍ ያደርቃል፣ ሆድ ያደርቃል፣ በዕድሜ የገፉትን ሊያደነጋግር ስለሚችል ከመድኃኒት ቤት በራስ አይገዛም። ለካንሰር ከተሠሩ በኋላ በትክክል እየተለማመዱ 6 ወር አልፎ ለውጥ ከሌለ፣ ወይም 12 ወር ሞልቶ አሁንም በቀን ብዙ ፓድ የሚያስፈልግ ከሆነ፣ ስለ ሁለተኛ ቀዶ ሕክምና ዩሮሎጂስቱን ይጠይቁ። ደብተርዎንና የግራሙን መዝገብ ይዘው ይሂዱ፤ ምርጫው በዚያ ላይ ይመሠረታል። መጠኑ ቀላል ወይም መካከለኛ ሲሆን የሽንት ቧንቧውን ከሥር የሚደግፍ ማሰሪያ ይደረጋል። ሲበዛ ወይም ጨረር ከተወሰደ ሰው ሠራሽ መዝጊያ ነው፤ ቆለጥ ከረጢት ውስጥ ያለችውን ፓምፕ ሲጫኑ ይከፈታል፣ ከደቂቃዎች በኋላ በራሱ ይዘጋል። ከተገጠመ በኋላ ቁስሉ እስኪድን 6 ሳምንት ገደማ ሥራ አይጀምርም፣ በዚያ ጊዜም ፓዱ ይቀጥላል። ይህ መዝጊያ ያለበት ሰው መኖሩን የሚገልጽ ወረቀት ሁልጊዜ ኪሱ ውስጥ ይያዝ፣ ለቤተሰቡም ይንገር፤ መዝጊያው አስቀድሞ ክፍት ሆኖ ሳይቆለፍ ካቴተር ከተከተተበት የሽንት ቧንቧውን ይጎዳል።